ሦስት ካልሲ

ሦስተኛው ካልሲ አልገባ አለ። እናት ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የልጇን ተረከዝ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ካልሲውን በሁለት እጇ ትጎትታለች። ልጅቷ የተቀመጠችበትን ወንበር ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች።

"እማ፣ እግር እኮ ነው፤ ትራስ አይደለም።"

"አትሳቂ፤ ስትስቂ ይንሸራተታል። ጣቶችሽን ሰብሰብ አድርጊ።"

"ተሰብስበው አልቀዋል። ከዚህ በላይ ከሰበሰብኳቸው አንድ ጣት ነው የሚሆኑት።"

በመጨረሻ ካልሲው እጅ ሰጠ። ተራው የጫማው ሆነ። እሱን በማንኪያ እጀታ እየገፉ አስገቡት። ከዚያ እናት የጫማውን ክር ጫፍና ጫፍ ጣቶቿ ላይ ጠመጠመችና፣ ወፍራም ካፖርት ስትሰፋ እንደምታደርገው፣ ቆዳው ከቆዳው ጋር እስኪገጥም ድረስ ሳበችው።

"ኧረ አመመኝ።"

"ወረቀቱ ምን ይላል? 'በጣም ይጥበቅ' ነው የሚለው። ከራሴ ያመጣሁት ነገር የለም።"

እናት ማንበብ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ከዚያ በፊት የመድኃኒት ብልቃጡንም፣ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያም የምታነብላት ልጇ ነበረች። አሁን ግን ፊደል ያለበት ነገር ቤት ሲገባ እናት ቀድማ ታነሳዋለች፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆይና የሚለውን ትናገራለች። ልጅቷም "እሺ" ትላለች። "እስቲ ልየው" ብሎ ወረቀቱን መቀበል እናቷን መጠራጠር ስለሚመስላት፣ አንድ ቀንም ብላ አታውቅም።

ይህኛው ወረቀት ደግሞ ለብቻው ነው። የጎልማሶች ትምህርት መምህርቷ እያንዳንዱን ተማሪ "ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?" ብላ ጠይቃ፣ የፈለጉትን በትልልቅ ፊደል በእጇ እየጻፈች ሰጥታቸው ነበር። እናት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በብርድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እጁና እግሩ እንዳይቀዘቅዝ ምን ያድርግ? መምህርቷ ከዚህም ከዚያም አሰባስባ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችላት። ይኸው ስምንት ቀኑ ነው።

ልጅቷ ፖስተኛ ናት። ሥራውን ከያዘች አምስት ወር ሆናት። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ሁለት ቦርሳ ደብዳቤ ብስክሌቷ ላይ ጭና፣ ሁለት መቶ ያህል በር ታዳርሳለች። ሙቀት በነበረበት ጊዜ እያንጎራጎረች ነበር የምትወጣው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን የብስክሌቱ ኮርቻ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ለብሶ ይጠብቃታል፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይቀበላታል።

እጇስ ተገላግሏል። ጓንቱን የሰፋችው እናት ራሷ ናት። ወረቀቱ ጣቶች ተነጣጥለው ከሚቀመጡ ሁለት ሁለት ሆነው ቢተቃቀፉ ይሞቃሉ ስለሚል፣ ከአሮጌ የዝናብ ካፖርት ላዩን፣ ካለቀ ሹራብ ውስጡን አድርጋ፣ አውራ ጣት ለብቻው፣ የቀሩት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚገቡበት ጓንት ሠራችላት። ፖስታ ቤት ውስጥ ባልደረቦቿ "ሸርጣን መጣች" እያሉ ሲስቁባት ከርመው፣ ሁለቱ አሁን እንዲሰፋላቸው ጠይቀዋል።

"እጄ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው" አለች ልጅቷ ጓንቱን እያጠለቀች። "ይሄ እግሬ ነው ያስቸገረኝ። ሌሎቹ አንድ አንድ ካልሲ አድርገው ይውላሉ። እምቢ ያለው የእኔ ብቻ ነው። ድሮ ይቀዘቅዘኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ይደነዝዛል። ደሜ ቀዝቃዛ ሳይሆን አይቀርም።"

"ደምሽ ምንም አልሆነም።"

"እንጃ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆናል።" ተነሳችና ጫማዋን ወለሉ ላይ ሁለቴ ረገጠች። "ለማንኛውም አለቃዬ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል። ዛሬም እንደ ትናንቱ ከሆነ፣ እሺ ብዬ ወደ ውስጥ እገባለሁ።"

ውስጥ ማለት ደብዳቤ የሚለይበት ክፍል ነው። አንዲት ሠራተኛ ለቃ ቦታዋ ክፍት ሆኗል። ወንበር አለው፣ ግድግዳው ሥር ማሞቂያ አለው። ብስክሌት የለውም።

"እህ" አለች እናት። ጎንበስ ብላ የታሰረውን ክር እንደገና ነካካችው። በውስጧ ግን ደስ አላት፤ በዚያው ቅጽበት አፈረችበት። ልጇ ይህን ሥራ ከጀመረች አንስቶ እናት ልጇ የምታልፍበት አደባባይ ላይ የሚዞሩትን የጭነት መኪናዎች በዓይነ ልቦናዋ ሳታይ ቁርስ በልታ አታውቅም።

ልጅቷ ደወሏን አቃጭላ ሄደች። እናት በሩ ላይ ቆማ "ቀስ እያልሽ" አለች፤ ድምፅዋ ግን መታጠፊያው ጋ አልደረሰም።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ላይኛ ፎቅ፣ ስድስቱ ተማሪዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። እናት ከምትሠራበት ላውንደሪ ለአንድ ሰዓት አስፈቅዳ ነው የምትመጣው፤ እዚያ አንዲት ጥግ ላይ በስፌት መኪናዋ የተቀደደ ትጠግናለች፣ የረዘመ ታሳጥራለች። ዛሬ እያንዳንዱ ወረቀቱን ጮክ ብሎ የሚያነብበት ቀን ነው። መጀመሪያ ተራው የደረሳቸው አጠገቧ የሚቀመጡት ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። እሳቸው የጠየቁት በባልዲ ውስጥ ቲማቲም እንዴት እንደሚተከል ነው።

"'ውሃ... ሲ... በዛ፣ ሥሩ... ይበሰብሳል'" ብለው አነበቡና ቀና አሉ። "ይሄን ማን ያጣዋል? ሚስቴ ናት እንጂ የምታጠጣው፣ እኔ መች አበዛሁ።"

"ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ" አለች መምህርቷ እየሳቀች።

"ወረቀቱ ላይ ሚስቴም መኖር ነበረባት።"

ቀጥሎ የእናት ተራ ሆነ። ስምንት ቀን ሙሉ በየማታው ስላነበበችው፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ለስልሷል። ስለ ጆሮና ስለ አንገት ያለውን ሳትደናቀፍ አለፈችው። የጓንቱን ስታነብ ደረቷ ነፋ አለ። እግር ላይ ደረሰች።

"'ካልሲው ወፍራም ይሁን። የጫማው ክር በጣም... ይጥበቅ። የእግር ጣቶች ይንቀሳቀሱ።'"

"ቆይ ቆይ" አሉ ሾፌሩ። "እንዴት ነው ነገሩ? ክሩ በጣም ከጠበቀ ጣቱ በየት በኩል ነው የሚንቀሳቀሰው?"

"ጫማው ከመደረጉ በፊት ነዋ። እኔ ልጄን በባዶ እግሯ ወንበር ላይ አስቀምጬ ጣቷን ሃምሳ ጊዜ አስቆጥራታለሁ። ከዚያ ነው የማስረው።"

"እህቴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። በብርድ ጫማ ከጠበቀብኝ ፍሬኑን ልርገጥ ነዳጁን ልርገጥ አላውቀውም ነበር። እንዲያውም አውልቄ..."

"ተሳፋሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር?" አለ ከጠረጴዛው ማዶ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

መምህርቷ ግን ተነስታ ከእናት ትከሻ ኋላ ቆመች። "እስቲ እዚያች ቦታ ላይ ይድገሙልኝ፣ እትዬ። በጣትዎ እየተከተሉ።"

እናት ጣቷን አኖረች። 'የጫማው ክር በጣም' የሚለው መስመሩን ሞልቶ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ሄዷል። 'ይጥበቅ' የሚለው ከታችኛው መስመር ይጀምራል። በላይኛው መስመር ጫፍ ላይ፣ ከወረቀቱ ልትወድቅ ምንም ሳይቀራት፣ አንዲት ጠባብ ፊደል ለብቻዋ ቆማለች።

"ይቺን ያነበቧት አልመሰለኝም" አለች መምህርቷ በቀስታ።

"አይቻታለሁ። አ ናት።" እናት ፊቷ ጋለ። "ተርፋሽ መስሎኝ ነው። ልትጽፊ ጀምረሽ የተውሻት። ስፌት ጫፍ ላይ ክር እንደሚተርፈው... እኛ ዝም ብለን ነው የምንቆርጠው።"

"ከታችኛው ጋር አብራ ናት፣ እትዬ። ቦታ አልበቃ ብሎኝ ነው ቃሉን ለሁለት የከፈልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እናት ጣቷን ከጫፉ አንስታ ወደ ታች አወረደች። "አ... ይጥበቅ" አለች። ቀጥላ ገጠመችው። "አይጥበቅ።"

"በጣም አይጥበቅ" አሉ ሾፌሩ። "እኔስ ምን አልኩ? ደም መሄጃ ይፈልጋል።"

ሌሎቹ እንደገና ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለባቸው። እናት ግን አልሳቀችም። ስምንት ቀን ሙሉ የልጇን እግር በገዛ እጇ አንቃ ስትልካት ኖራለች።

ወደ ላውንደሪው ተመልሳ አንድ ሱሪ መኪናው ላይ ዘረጋች። እግሩ ሁለት ጣት ያህል ይጠር ተብሏል። አንዱን ጨረሰች። ሰዓቱን አየች፤ ስድስት ተኩል ሆኗል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃው ይጠይቃታል። ልጅቷ እግሯ ደንዝዟል፤ እሺ ትላለች። ከነገ ጀምሮ ጀርባዋን ለማሞቂያው ሰጥታ ተቀምጣ ደብዳቤ ትለያለች። አደባባይ የለ፣ ድልድይ የለ። እናትም ቁርሷን እንደ ሰው ትበላለች። ለዚህ መዋሸት እንኳ አያስፈልግም። ማንም አልጠየቃትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ዝም ማለት ብቻ ነው። ማታ ላይ "ለካ ተሳስቼ ኖሯል" ብላ ብትነግራት አብረው ይስቁበታል፤ ያኔ ነገሩ አልቋል።

ሁለተኛውን እግር መርፌው ሥር አስገባች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ከጠዋቱ ንግግር አንዲት ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ አልወጣ አለቻት። የጭነት መኪናውን ወይም ውርጩን ብትፈራ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ልጅቷ ያለችው ግን ያንን አይደለም። ደሜ ቀዝቃዛ ነው አለች። አልተፈጠርኩም አለች። ጤነኛ እግሯን አምጥታ ለእናቷ ሰጠች፣ እናቷ አሰረችው፣ እሷ ደግሞ ጥፋቱን ከገዛ አካሏ ፈለገች። ነገ ማሞቂያው አጠገብ ስትቀመጥም ይህንኑ ይዛ ነው የምትቀመጠው።

ስልክ ደወለች። አልተነሳም። "እየነዳሽ ስልክ ብታነሺ ወዮልሽ" ያለቻት እሷው ራሷ ናት።

"የት ነው?" አለች በካውያ የምትተኩሰው ባልደረባዋ፣ እናት ከወንበሯ ስትነሳ።

"መጣሁ። የአ ጉዳይ ነው።"

"የምን?"

እናት ሱሪውን እዚያው መርፌው ሥር ትታ፣ ካፖርቷን እየለበሰች ወጣች። ልጇ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትደርስ እንደ ጸሎት በቃሏ ታውቀዋለች። ሰባት ሰዓት ላይ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ናት።

እውነትም እዚያ አገኘቻት። ግን ብስክሌቷ ላይ አልተቀመጠችም፤ እየገፋች፣ በተረከዟ ብቻ እየረገጠች፣ እንደ አሮጊት እያነከሰች ነበር። እናቷን ስታይ ክው ብላ ቆመች።

"እማ? ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ቁጭ በይ።"

"አሥራ ምናምን ቤት ይቀረኛል እኮ።"

"ቁጭ በይ አልኩሽ።"

ልጅቷ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እናት ፊት ለፊቷ ተንበረከከችና የጫማውን ክር ትፈታ ጀመር። ጠዋት በጉልበት የቋጠረችው አሁን በጥፍርም አልላላ አላት።

"ሰው ያየናል።"

"ይየን። ስሚኝ። ወረቀቱ 'ይጥበቅ' አይልም። 'አይጥበቅ' ነው የሚለው። አ ከላይኛው መስመር ቀርታ፣ እኔ ዝም ብዬ አለፍኳት።"

"የምን አ?"

"አ ነቻ፤ ፊደሏ። መምህርቷ ቦታ አልበቃት ብሎ ቃሉን ለሁለት ከፍላው፣ እኔ ትርፍ ክር መስላኝ። ዛሬ ነው የነገሩኝ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻት። ቆየት ብላ "ስለዚህ እግሬ ጤነኛ ነው?" አለች።

"ምን ይሆናል? ታንቆ ነው እንጂ።"

"ስምንት ቀን ሙሉ?"

"ስምንት ቀን ሙሉ።"

"ጣትሽን አንቀሳቅሺ እያልሽ ያስቆጠርሽኝስ?"

"እሱ ጫማው ውስጥ ሆኖ ነው ለካ።"

ልጅቷ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ግን ሆዷን ይዛ፣ ጓንቷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሳቀች። እናት አንዱን ጫማ አወለቀች፣ አንዱን ካልሲ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የካልሲው ስፌት መስመር የእግሯ ጀርባ ላይ እንደ ማህተም ታትሟል። ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። እናት በመዳፎቿ መሃል ያዘቻቸው።

"ወረቀቱን ለምን አላሳየሽኝም?" አለች ልጅቷ ሳቋ ሲበርድ።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።"

አንድ ሰውዬ ዳቦ ይዞ አጠገባቸው አለፈና "ጫማ ጠበባት?" አለ እናትን።

"አዎ፣ ጠበባት" አለች እናት ቀና ሳትል።

አንዱን ካልሲ ብቻ መለሰችላት። ጫማው አሁን ያለ ማንኪያ ገባ። ክሩን ላላ አድርጋ አሰረችና የሌላውንም እግር እንዲሁ አደረገች። የወጡትን አራት ካልሲዎች ኪሷ ከተተች።

"ተነሺና ተራመጂ። ብስክሌቱን እየገፋሽ። ትንሽ መራመድ ደም ይመልሳል ይላል፤ ይሄኛውን በትክክል ነው ያነበብኩት።"

ልጅቷ እስከ መብራት እንጨቱ ሄዳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ሁለተኛ ስትመለስ ፊቷ ተኮማትሯል።

"እየወጋኝ ነው። እንደ መርፌ።"

"ይውጋሽ። እየመጣ ነው።"

"ጣቶቼ..." ልጅቷ ቆም ብላ ወደ ታች ወደ ጫማዋ ተመለከተች፤ እዚያ ውስጥ የሚሆነውን የምታይ ይመስል። "እየተንቀሳቀሱ ነው እማ። አምስቱም።"

እናት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከድንጋዩ ቅዝቃዜ ደንዝዞ ነበር። "አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች። "ዝም ልልሽም አስቤ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት ታውቂያለሽ? እኔ ራሴ ስድስት ተኩል ላይ ነው ያወቅሁት።"

"የስድስት ተኩሉን አላልኩም። ጠዋት ወደ ውስጥ እገባለሁ ስልሽ ፊትሽን አየሁት። ክሩ ላይ አቀረቀርሽ እንጂ ጆሮሽ ሲስቅ አየሁት።"

"ጆሮ አይስቅም።"

"ያንቺ ይስቃል።"

ልጅቷ ብስክሌቷን ይዛ እናቷ አጠገብ ቆመች። ቦርሳዋን አስተካከለች፣ ደወሏን ያለ ምክንያት ነካ አደረገች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄዷል። "እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነው" አለች። "አለቃዬን ምን ልበለው?"

እናት የምትለውን ታውቅ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ንግግር ነው፤ አደባባዩም፣ ድልድዩም፣ ማሞቂያውም ያለበት፣ በመጨረሻው ላይ "ውሳኔው ያንቺ ነው፣ እኔ ግን እናት ነኝ" የሚል። አፏ ድረስ መጣ። ከዳገቱ ሥር አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ተሰማ።

እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ከሥራ ስትወጣ መለኪያ ሜትሩን ሳታወልቀው መጥታለች፤ በካፖርቷ አንገት ሥር ተንጠልጥሏል። ሳበችና አወጣችው።

"እግርሽን ደረጃው ላይ አድርጊ" አለች።

"ለምን?"

"ሽፋን ልሰፋልሽ ነው፤ ከጫማው በላይ የሚለበስ፣ ነፋስ የማያስገባ። ብርዱ ገና ሁለት ወር አለው።"

ልጅቷ እናቷን ለአፍታ አየቻት። ከዚያ እግሯን አንስታ ደረጃው ላይ አኖረች። እናት ሜትሩን በጫማው ዙሪያ አዞረችና፣ ቁጥሩን ከማንበቧ በፊት፣ በሜትሩና በቆዳው መካከል አንድ ጣቷን አስገባች። ትንሽ አሰበች። ሁለተኛዋንም ጨመረች።